በቤት ውስጥ ለልዩ ልዩ ዕድሜ ልጆች የክርስትና ታሪክ መማሪያ አመራረጥ፦ ለጅማ ወላጆች

የሰባት፣ የዐሥራ አንድና የዐሥራ አምስት ዓመት ልጆችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ የክርስትናን ታሪክ ለማስተማር የተነሣ ወላጅ ቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ?» ብሎ ነው። እኔም ከዚያው ጀምሬ ተሳስቻለሁ። ውጭ አገር የምትኖር ዘመዳችን ሙሉ የመጻሕፍት ስብስብ ገዝታ ላከችልን፤ ለየክፍሉ የተማሪ መጽሐፍ፣ የአስተማሪ መጽሐፍና የጥያቄ ደብተር ነበረው። በሁለተኛው ወር ትልቁ ልጅ ስለ ሮማ፣ መካከለኛዋ ስለ አሜሪካ ሰፋሪዎች፣ ትንሹ ስለ ኖኅ መርከብ ያነብቡ ነበር፤ እኔ ከአንዱ ወደ ሌላው ስመላለስ፣ ልጆቹ ደግሞ ምሳ ላይ እርስ በርሳቸው የሚያወሩት የጋራ ታሪክ አልነበራቸውም። በሦስቱም መጻሕፍት ውስጥ ስለ አክሱም ያገኘነው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የምከተለው አሠራር መጽሐፉን የሚመርጠው በመጨረሻ ነው፤ መጀመሪያ የዘመኑ መስመር ይዘረጋል፣ ልጆቹ ሁሉ በአንድ ዘመን ላይ እንዲገናኙ ይደረጋል፣ ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ለዚህ መስመር ይበጅ እንደሆነ ይፈተናል።

፩. የቤቱን ትምህርት ድርሻ ይወስኑ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽእኖ ነጻ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ ልጅዎ በትምህርት ቤት ስለ ዒዛና ቢማር ስለ ንጉሥነቱ፣ ስለ ዘመቻውና ስለ ገንዘቡ ይማራል እንጂ ንጉሡ ያመነው እምነት ለእኛ ምን እንደሆነ አይማርም፤ ይህን ከመምህሩ መጠበቅም ተገቢ አይደለም። በዚህ መመሪያ የማስበው ቤተሰብ ልጆቹን ከመደበኛ ትምህርት ቤት ያላስወጣ፣ ነገር ግን ቅዳሜ ጠዋትንና በሳምንቱ መካከል አንድ ምሽትን ለቤት ትምህርት የመደበ ነው። ታሪክ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ በአብዛኛው የሚሰጠው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች ላሉት ልጆች በቤት የሚሰሙት የመጀመሪያው የታሪክ ትምህርታቸው ነው ማለት ይቻላል።

በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ልጁ ከቤት ሲወጣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ምን ማወቅ እንዳለበትና የእርስዎ ቤተ እምነት በየትኛው ጉዳይ ላይ ከመጽሐፉ ጋር ሊጋጭ እንደሚችል። ወረቀቱን ለንስሐ አባትዎ ወይም ለወንጌላዊዎ ያሳዩ፤ በኋላ አንድ መጽሐፍ ሲያጠራጥርዎ የሚመለሱት ወደዚያ ወረቀት ነው።

፪. ልጆቹን በዕድሜም በሚያነቡት ቋንቋም ይመድቡ

ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ያለው ልጅ ታሪክን የሚቀበለው በጆሮው ነው፤ ቅደም ተከተልና ዓመት አይገባውም፣ ሰውና ድርጊት ግን አይረሳም። ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሁለት ያለው ካርታ፣ ዝርዝርና «ለምን?» የሚለውን ይወዳል። ከዐሥራ ሦስት በላይ ያለው «ማን ጻፈው? እንዴት አወቀ?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል፤ ይህን ጥያቄ የሚፈራ መጽሐፍ ለእርሱ አይሆንም።

ጅማ ላይ የቋንቋው ነገር ከዕድሜው እኩል ይመዝናል። አንዱ ልጅ በትምህርት ቤት በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲያነብ፣ ሌላው በአማርኛ ፊደል የለመደ ሊሆን ይችላል፤ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ደግሞ ለሁለቱም ይከብዳል። ልጁን አንድ ገጽ ያስነብቡትና ያነበበውን በራሱ ቃል እንዲነግርዎ ይጠይቁት። በእንግሊዝኛ አንብቦ መናገር ካልቻለ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ለወላጁ መዘጋጃ እንጂ ለልጁ ንባብ አይሆንም፤ እርስዎ ከዋዜማው አንብበው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ይተርኩለታል። ይህ እንደ ጉድለት መቆጠር የለበትም፤ ለትንንሾቹ እንዲያውም የሚሻለው እርሱ ነው።

፫. ሁሉንም በአንድ ዘመን ያሰልፉ

በቤት የሚያስተምሩ ብዙ ቤተሰቦች ታሪክን በአራት ዓመት ዙር ይከፍላሉ፦ ጥንታዊ፣ መካከለኛ፣ ቀዳማይ ዘመናዊና ዘመናዊ፤ ዙሩ ሲያልቅ ልጁ በበለጠ ዕድሜ እንደገና ይጀምረዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ የዘመኑ አከፋፈል ግን ለአውሮፓ የተሠራ ነው። እኔ ዙሩን ይዤ አከፋፈሉን እንደሚከተለው ለውጫለሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ከኦሪት ታሪክ ተነሥቶ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ፊልጶስ ያጠመቀውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ይዞ ያበቃል። ሁለተኛው ዓመት ከዒዛናና ከፍሬምናጦስ ጀምሮ በተስዓቱ ቅዱሳን፣ በዐፄ ካሌብ የናግራን ዘመቻ፣ በቅዱስ ያሬድና በዛጉዌ ዘመን አልፎ በ1270 እ.ኤ.አ. የይኩኖ አምላክ መነሣት ላይ ይቆማል። ሦስተኛው ከዚያ እስከ ሱስንዮስ ከዙፋን መውረድና እስከ ፋሲለደስ መንገሥ፣ 1632 እ.ኤ.አ. ድረስ ነው። አራተኛው የቀረውን ሁሉ ይይዛል፦ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተደረገው የቅባትና የጸጋ ክርክር፣ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ፣ ዐድዋ፣ የአቡነ ጴጥሮስ መገደል፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ በራሷ ፓትርያርክ መመራትና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መስፋፋት። የዓለሙ ታሪክ በዚህ መስመር ላይ በየቦታው ይሰካል፤ የኒቅያ ጉባኤ ከዒዛና ጎን፣ ሉተር ከልብነ ድንግል ጎን ይቀመጣል። ሦስቱም ልጆች በአንድ ሳምንት ስለ አንድ ሰው ይማራሉ፤ የሚለያየው ጥልቀቱ ብቻ ነው። ለወላጁም የሚዘጋጀው አንድ ትምህርት እንጂ ሦስት አይደለም።

በዓመት ሠላሳ ቅዳሜ ካሰቡ ይበቃል። የፋሲካ ሰሞን፣ የፈተና ሰሞንና ቤተሰቡ ወደ ገጠር ለቡና ለቀማ የሚሄድበት ሰሞን ያለ ጸጸት ይዘለሉ።

፬. መጽሐፉን ከመግዛትዎ በፊት በአምስት ቦታ ይክፈቱት

ብዙ አሳታሚዎች ማውጫና ናሙና ምዕራፍ በነጻ ያስነብባሉ። ማውጫውን ማየት ግን አይበቃም፤ የመጽሐፉ ጠባይ የሚታወቀው አከራካሪ ቦታ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና 4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ቆስጠንጢኖስን በሰፊው ተርኮ ዒዛናን ጨርሶ የማያነሣ መጽሐፍ ክርስትና ከኢየሩሳሌም ወደ ሮማ ብቻ የሄደ አስመስሎ ያስተምራል። ይህ ብቻውን መጽሐፉን አያስጥልም፤ የሚያስፈልገው የእርስዎ ጭማሪ ምን ያህል እንደሆነ ግን ያሳያል።

ሁለተኛው በ451 እ.ኤ.አ. የተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ ነው። የኢትዮጵያ፣ የግብፅ፣ የሶርያና የአርመን አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤውን አልተቀበሉም። አብዛኞቹ የምዕራብ መጻሕፍት እነዚህን «አንድ ባሕርይ ብቻ የሚሉ» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፏቸዋል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን ራሷን የምትጠራው ተዋሕዶ ብላ ነው፣ ይህም መለኮትና ትስብእት (ሰውነት) ያለ መቀላቀልና ያለ መለያየት አንድ ሆኑ ማለት ነው። ወላጁ ኦርቶዶክስም ሆነ ፕሮቴስታንት ወይም ካቶሊክ፣ አንድን ወገን ራሱ በማይቀበለው ስም ብቻ የሚጠራ መጽሐፍ ለልጅ ታሪክን ሳይሆን ፍርድን ያስተምራል።

ሦስተኛው የመካከለኛው ዘመን ዝምታ ነው። ብዙ መጽሐፍ እስልምና ከተነሣ በኋላ አፍሪካ ውስጥ ክርስቲያን እንደሌለ አድርጎ ይጽፋል። በ1441 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌሙ ገዳማችን የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በፍሎረንስ ጉባኤ መገኘታቸውን፣ ወይም በ1534 እ.ኤ.አ. ማርቲን ሉተር ከኢትዮጵያዊው ዲያቆን ሚካኤል ጋር ቪተንበርግ ላይ መነጋገሩን የሚያነሣ ካገኙ መልካም ነው፤ ካላገኙ ሁለቱን ታሪኮች ራስዎ ይጨምሩ። ልጆቼ ከዙሩ ሁሉ ደጋግመው እንድነግራቸው የሚጠይቁኝ ስለዚያ ዲያቆን ነው።

አራተኛው ሱስንዮስ ነው። በ1622 እ.ኤ.አ. ንጉሡ የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበለ፤ በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ምእመናን እንደገና እንዲጠመቁ፣ ካህናት እንደገና እንዲካኑ፣ በዓላትና ግዝረት እንዲለወጡ አስገደደ፤ አገር ተነሣ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ፣ በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን እምነት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀ። መጽሐፉ ሕዝቡ የተነሣበትን ምክንያት ይናገራል ወይስ «ተልእኮው ሳይሳካ ቀረ» ብሎ ብቻ ይዘጋል? በሌላው በኩል፣ ከሜንዴዝ በፊት የነበረው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ቋንቋ ተምሮ በትዕግሥት የሠራ ሰው እንደነበረ የሚሸሽግ የራሳችን መጽሐፍም ቢሆን እኩል ይፈተን።

አምስተኛው ፈተና ለጅማ ቤተሰብ ከሁሉ ይበልጣል፤ መጽሐፉ ስለ ጎረቤቶቻችን እንዴት ይናገራል? ከ1529 እስከ 1543 እ.ኤ.አ. የነበረውን የአሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት ተርኮ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የአክሱሙ ንጉሥ ከመካ የተሰደዱትን ሙስሊሞች መቀበሉንና አሳልፌ አልሰጥም ማለቱን የሚዘልል መጽሐፍ ግማሹን ብቻ ነው የነገረን። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆች ነጃሺ የሚሉትን የዚህን ንጉሥ ታሪክ ከእኛ ልጆች በተሻለ ያውቁታል፤ ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር በንጉሡ ፊት ስለ ማርያም ከቁርኣን ማንበቡን እንዲነግሯቸው መጠየቅ ጥሩ ትምህርት ነው። እንደዚሁ ኦሮሞን ዛሬ በማይባል ስም የሚጠሩ አሮጌ የአማርኛ መጻሕፍት አሉ። ለትንንሾቹ አያስነብቧቸው፤ ለትልቁ ልጅ ግን ቃሉ ማን በማን ላይ ያወጣው እንደነበረና ለምን እንደተተወ ነግረው ቢያስነብቡት፣ ጸሐፊም የዘመኑ ሰው መሆኑን ይማርበታል።

ከአምስቱ ሦስቱን ያለፈ መጽሐፍ ይገዛል፤ የቀሩትን ሁለቱን በራስዎ ደብተር ይሞሏቸዋል። አምስቱንም ያለፈ እኔ አልገጠመኝም።

፭. የዘመን አቆጣጠሩን አስቀድመው ያስታርቁ

ይህ ደረጃ ትንሽ ይመስላል፣ ሲዘለል ግን ዓመቱን ሙሉ ያደናግራል። በግድግዳ ላይ ረጅም ወረቀት ይለጥፉና በላይኛው ጠርዝ የእኛን ዓመተ ምሕረት፣ በታችኛው የኤውሮፓውያኑን ይጻፉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ ለሆነ ድርጊት ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ለሆነው ስምንት ይቀነሳል። የሉተር ጽሑፍ በጥቅምት 1517 እ.ኤ.አ. ስለወጣ 1510 ዓ.ም. ይሆናል፤ ዐድዋ ግን በመጋቢት 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ. ስለዋለ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። መካከለኛው ልጅ ስሌቱን ራሱ ይሥራው፤ የሒሳብ ልምምድ ይሆንለታል።

ሌላው የፍጥረት ዘመን ነው። ብዙ የአሜሪካ ክርስቲያናዊ መማሪያዎች የጳጳሱን የአሸርን ስሌት ተከትለው ፍጥረትን በ4004 ዓመት ቅድመ ክርስቶስ ያስቀምጣሉ፤ የኛ የዘመን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብ፣ ግን ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን ይቆጥራል። ልጁ ሁለቱን ቢያይ «የቱ ነው ውሸት?» ብሎ ይጠይቃል። ልዩነቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከመጽሐፉ ቅጂ ነው፤ በዘፍጥረት ምዕራፍ 5 ላይ አዳም ሴት የተባለውን ልጁን የወለደው በዕብራይስጡ በ130፣ በሰባው ሊቃናት ትርጉም በ230 ዓመቱ ነው፣ ከእርሱ በኋላ ያሉትም አባቶች እንዲሁ ይለያያሉ። እንደዚሁም ከሚልክያስ በኋላ «አራት መቶ የዝምታ ዓመታት» የሚል መጽሐፍ 66 መጻሕፍትን ብቻ የሚቀበል ቤተሰብ የጻፈው ነው፤ 81ዱን ለሚቀበል ቤት ይህ ምዕራፍ እንዳለ አይሠራም።

፮. አንድ ትምህርት አዘጋጅተው ይሞክሩ

መጽሐፉን ሙሉ ዋጋ ከፍለው ከማምጣትዎ በፊት በናሙናው ምዕራፍ አንድ ቅዳሜ ያስተምሩ። እኔ ሁልጊዜ የምሞክረው በፍሬምናጦስ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ሁሉም አንድ ላይ ይሰማሉ። ከጢሮስ የተነሣ መምህር ሁለት ብላቴኖችን፣ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን ይዞ ይጓዛል፤ መርከቡ ውኃና ስንቅ ለመያዝ በቀይ ባሕር ዳርቻ ሲቆም የአገሩ ሰዎች በመርከቡ ያሉትን ይገድላሉ፤ ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲያጠኑ ተገኝተው ወደ ንጉሡ ይወሰዳሉ። አንዱ ለንጉሡ መጠጥ ቀጂ፣ ሌላው የጽሕፈትና የገንዘብ ኃላፊ ይሆናሉ። ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ አገሩን በማስተዳደር እንዲያግዟት ትለምናቸዋለች። በኋላ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ሄዶ ጳጳስ እንዲላክ ሊቀ ጳጳሱን አትናቴዎስን ሲጠይቅ፣ አትናቴዎስ እርሱኑ ሾሞ ይልከዋል፤ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እርሱን ነው።

ትንሹ ልጅ መጽሐፉ ተዘግቶ ታሪኩን መልሶ ይተርካል። አያርሙት፤ የዘለለውን መካከለኛዋ ትሙላለት። ከዚያ ዛፉንና መርከቡን ሥሎ ይነሣል፣ ሥራው አለቀ።

መካከለኛዋ በካርታ ላይ ጢሮስን፣ አዱሊስን፣ አክሱምንና እስክንድርያን ታገናኛለች። ቀጥላ የዒዛናን ሁለት ሳንቲሞች ትሥላለች፤ በፊተኛው ላይ ጨረቃና ክብ፣ በኋለኛው ላይ መስቀል አለ። ንጉሡ ሃይማኖቱን መለወጡን ለሕዝብ ያስታወቀው በእጅ በሚዞር ገንዘብ እንደሆነ ራሷ እንድትደርስበት ዝም ይበሏት።

ትልቁ ልጅ ምንጮቹን ያነጻጽራል። ታሪኩን የጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሩፊኖስ ከኤዴስዮስ አፍ እንደሰማው ይናገራል። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጥዮስ ለዒዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና የጻፈውን፣ ፍሬምናጦስ ለምርመራ ወደ እስክንድርያ እንዲመለስ የሚጠይቀውን ደብዳቤ ደግሞ አትናቴዎስ በጽሑፉ አቆይቶልናል። የአገራችን ትውፊት ነገሥታቱን አብርሃና አጽብሓ ይላቸዋል። ልጁ ሦስቱ ምንጮች የሚስማሙበትንና የሚለያዩበትን በግማሽ ገጽ ይጽፋል። ቆስጠንጥዮስ በኒቅያ ጉባኤ የተወገዘውን የአርዮስን ወገን ይደግፍ፣ አትናቴዎስንም ይቃወም እንደነበረ ከነገሩት ደብዳቤው ለምን እንደተጻፈ ይገባዋል፤ ኒቅያም በሩቅ አገር የተደረገ ስብሰባ መሆኗ ይቀርና አክሱም ድረስ የደረሰ ጠብ ትሆናለች።

በናሙናው ምዕራፍ ይህን ማድረግ ከቻሉ መጽሐፉ ይጠቅማል። የጥያቄ ደብተሩ ባዶ ቦታ ከማስሞላት በቀር ለሦስቱ የሚለይ ሥራ ካልሰጠ፣ የጥያቄ ደብተሩን አይግዙት፤ የአስተማሪው መጽሐፍ ብቻ ይበቃዎታል።

፯. የጅማን ታሪክ በመስመሩ ላይ ያስገቡ

የተገዛ መጽሐፍ ይህን አይሰጥም። በሦስተኛው ዓመት፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ጊዜ የእናርያ ገዢ መጠመቁን ያስገቡ፤ ክርስትና ወደዚህ አገር ትናንት የመጣ የሚመስላቸው ልጆች ይገረማሉ። በአራተኛው ዓመት አምስቱ የጊቤ መንግሥታት፣ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስልምናን መቀበላቸውን፣ ማሳያ የተባለው የካቶሊክ ካፑቺን ሚስዮናዊም በዚያው ዘመን ወደ ጊቤ መዝለቁን ይማራሉ።

ከሁሉ ግን የምመክረው የአስቴር ጋኖን ታሪክ ነው። በልጅነቷ በሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ ሆና፣ ወደ ዐረብ አገር ስትሸጥ በ1886 እ.ኤ.አ. የጣልያን መርከቦች አስጥለዋት፣ በምፅዋ አጠገብ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረች። ከተርጓሚው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ሠርታለች፤ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በኦሮምኛ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሊሙ ከጅማ ለጥቂት ሰዓት መንገድ የምትደረስ ናት። ትንሹ ልጅ ባሪያ የነበረችውን የልጅቱን ታሪክ ይሰማል፣ መካከለኛዋ ጉዞዋን በካርታ ትከተላለች፣ በአፋን ኦሮሞ የሚማረው ልጅ ደግሞ አንድ ምዕራፍ በቋንቋው ጮኾ ያነባል፤ ያ መጽሐፍ የታተመው በግዕዝ ፊደል እንደነበር ሲነገረው ከቁቤው ጋር ማነጻጸሩ አይቀርም።

ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አንድ ቅዳሜ ይጎብኙ። ክርስቲያናዊ ሥፍራ ስላልሆነ ለምን ይኬዳል የሚል ይኖራል፤ ሙስሊሙ ንጉሥ ለምኒልክ ገብሮ አገሩን ከጦርነት እንዴት እንዳተረፈ ያላወቀ ልጅ ግን የገዛ ከተማውን ታሪክ አያውቅም።

፰. ማተም፣ መመዝገብና መለወጥ

በፒዲኤፍ የተገዛን መጽሐፍ በሙሉ አያሳትሙ፤ አንድ ወር የሚበቃውን ብቻ ፎቶ ኮፒ ቤት ያስወጡ፣ ቀለም የሚያስፈልገው ካርታው ብቻ ነው። አሳታሚው ለአንድ ቤተሰብ ብቻ የፈቀደውን ፋይል በቴሌግራም መበተን አይገባም። መብራት በሚጠፋበት ምሽት ንባቡ በወረቀት ቢሆን ይሻላል።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተር ይያዙ፤ በየሳምንቱ ቀኑን፣ የተማረውንና ልጁ የጠየቀውን ጥያቄ ይጻፉ። በዐሥረኛው ሳምንት ደብተሮቹን ጎን ለጎን ይክፈቱ። ጥያቄ ያልተጻፈበት ደብተር ካለ መጽሐፉ ለዚያ ልጅ አልሆነም ማለት ነው፤ ለውጡን ግን የጀመሩት ዘመን ሳያልቅ አያድርጉ፣ የሚለወጠውም ለዚያ ልጅ የተሰጠው ንባብ እንጂ በግድግዳው ላይ ያለው መስመር አይደለም።